ነክሶ የማይለቅ ፍሬን

ላዳ በተነሳች ቁጥር ጨዋታው ወደ ሞተሯ ይሄዳል። በሽቦና በፒንሳ ተጠግና ማደሯ፣ ከአቅሟ በላይ ጭና የእንጦጦን ዳገት መውጣቷ፣ በክረምት ጠዋት ተገፍታ መነሳቷ ይወራል። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት የአዲስ አበባ ላዳ ታክሲዎች ስንቱን ሙሽራ አጅበዋል፣ ስንቷን ወላድ በውድቅት ሌሊት ሐኪም ቤት አድርሰዋል፤ ውለታቸው ቢወራ አይገርምም። ስለ ፍሬኗ የሚያወራ ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ ላዳ ሲባል ቀድሞ የሚመጣብኝ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነው።

አባቴ የሂሳብ ሠራተኛ ነበር። ላዳዋን የገዛት ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው፤ 2101 የምትባለው፣ ሁለት ክብ የፊት መብራት ያላት፣ ቀለሟ ነጣ ያለ ቢጫ። ከደረት ኪሱ የማትለይ ደብተር ነበረችው። የቀዳው ቤንዚን በሊትር፣ የሄደው መንገድ በኪሎ ሜትር፣ ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ለጎሚስታ የተከፈለው ሳንቲም ሳይቀር ይሰፍርባታል። እናቴ «ለልጆቹ እንኳ እንዲህ ያለ ደብተር አልያዝክላቸውም» ትለው ነበር። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ።

የላዳ ዘር ጣሊያናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የሶቪየት መንግሥት ከፊያት ጋር ተዋውሎ በቮልጋ ወንዝ ዳር ቶሊያቲ ከተማ ላይ ፋብሪካ ተከለ፤ ከተማዋ የተሰየመችው በጣሊያኑ ኮሙኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች እ.ኤ.አ. በ1970 ወጡ። በአገራቸው ዢጉሊ ተባሉ፣ ወደ ውጭ ሲላኩ ደግሞ ላዳ። መነሻቸው ፊያት 124 ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ መኪና የተባለችው። ሩሲያውያኑ ግን እንዳለች አልተቀበሏትም። የአገራቸውን መንገድ ያውቁታል፤ ቆርቆሮዋን አወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ ሞተሯንም ቀየሩ፤ ያደረጉት ለውጥ ተቆጥሮ ከ800 በላይ ነው ይባላል። ከለውጦቹ አንዱ ፍሬኗ ላይ ነበር። ፊያት 124 አራቱም ጎማ ላይ የዲስክ ፍሬን ነበራት። የኋላዎቹ ዲስኮች የሩሲያን ጭቃና ጠጠር ስላልቻሉ ወጥተው በምትካቸው ዙሪያውን የተዘጋ ታምቡር ገባ። የፊቶቹ ዲስክ እንደሆኑ ቀሩ። የሩሲያ መሐንዲሶች ለኋላ ጎማ የፈሩለት ነገር የእኛን ላዳ ከፊት በኩል አገኛት።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ክረምት ነው። አባቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ተልኮ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን አልነበረም፤ እናቴ መኪና አትነዳም፤ ላዳዋ ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፉ ሥር ቆመች። እኛ ልጆች መሪው ላይ እየተቀመጥን በአፋችን ማርሽ እየቀየርን ናዝሬት ደርሰን እንመለስ ነበር። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭቃው ይፈናጠቃል፣ ጎማዋ ሳሩ ውስጥ ይሰምጣል። መስከረም ላይ አባቴ ተመልሶ በሰፈር ልጅ አስገፍቶ አስነሳት። ሁሉም ሰላም መሰለ።

ደብተሯ ግን መናገር ጀመረች። ያው ከቤት መሥሪያ ቤት የሚደረገው ምልልስ ከኅዳር ጀምሮ ቤንዚን ይበላ ገባ። አባቴ የጠረጠረው ነዳጅ ቀጂውን ነው። ማደያ ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ካንዴላ አስቀየረ፤ ያው ነው። ካርቡራተሯን አሳጠበ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ምሽት ምሽት ደብተሩን ዘርግቶ በእርሳስ ሲያካፍል፣ መልሶ ሲያባዛ አየው ነበር። ሂሳቡ ትክክል ነበር፤ መኪናዋ ቤንዚን እየበላች ነው። የምትበላው ግን ለመሄድ ሳይሆን ራሷን ከያዛት ነገር ጋር ለመጓተት እንደሆነ ማን ይጠርጥር።

በጥር ወደ ሸዋ ሮቢት ለዘመድ ሠርግ ስንሄድ ጉዱ ፈላ። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በርን ስንወጣ ላዳዋ አቃሰተች። አባቴ «ከፍታው ነው» አለ። አባባሉ ስህተት አይደለም፤ ካርቡራተር ያለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ላይ ሲደርስ ከጉልበቱ ከሩብ በላይ ያጣል። እውነተኛ ምክንያት ሌላውን ምክንያት ይደብቀዋል፤ በሽታ አዋቂዎች ሁሉ የሚሸወዱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የቦረቦሩትን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንይዝ ደግሞ አባቴ ጭራሽ ደስ አለው። መኪናዋ አልሮጥ አለች። «አያችሁ? ፍሬን ሳልነካ፣ በማርሽ ብቻ ስትወርድ!» ብሎ ወደ ኋላ ዞሮ ፈገግ አለልን።

መጀመሪያ ያወቀችው እናቴ ናት። «የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አለች። አባቴ ከፊታችን የሚሄደውን የጭነት መኪና በአገጩ አሳያት። ትንሽ ቆይቶ መሪው ወደ ግራ መሳብ ጀመረ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ስስ ሰማያዊ ጭስ አየሁ።

ዳር ይዘን ቆምን። አባቴ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስቀመጠ፤ እኔ ቅጠል ቆርጬ ከኋላችን አስፋልቱ ላይ ዘረጋሁ። (ድንጋዩን ሳያነሱ የሚሄዱ ሾፌሮች ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ በዚያ ቁልቁለት በሌሊት የሚመጣ ሰው ምን ያያል?) የፊት ግራ ቸርኬ አጠገቡ አያስቆምም። ጋቢ የለበሱ ሰዎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከበቡን። አንዱ ልጅ ጀሪካን ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሊያፈስ ሲል ከላይ የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር «ውሃ እንዳታፈስ! ተው!» ብሎ ጮኸበት። ዲስኩ ብረት ቢሆንም በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል፤ ያንን ያወቅነው ከእሱ ነው።

ሾፌሩ ወርዶ ዞሮ አየና «ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ሆናት እንዲህ ከያዘች?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ «አሁን ነው የያዘችው» አለ። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ቸርኬው ላይ የተጋገረውን ጥቁር አቧራ በጣቱ ጠረገና አሳየው። የሦስቱ ጎማ ቸርኬ ንጹሕ ነው፣ የአንዱ ብቻ ጥላሸት ለብሷል። ወራት የተጠራቀመ የሸራ ብናኝ ነበር።

እስኪቀዘቅዝ እናቴ ከደብረ ሲና ልጆች ቆሎ ገዝታ ሰውን ሁሉ አደለች። ከዚያ ሾፌሩ በክሪክ አንስቶ ጎማውን ፈታ፣ የራሱን ረጅም ካቻቢቴ አምጥቶ በሸራውና በዲስኩ መካከል እየሰካ ጠመዘዘው። ብረት ብረትን ሲፍቅ ተሰማ፤ የሆነ ነገር ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ። ዲስኩ በእጅ ሲገፋ በመከራ ዞረ። «እስከ ደብረ ሲና በሁለተኛ ማርሽ ውረድ። ፍሬን የግድ ካልሆነብህ አትርገጥ፤ ከረገጥክ ተመልሶ ይነክሳል። በኋላ እዚያው አቁማትና በአውቶቡስ ሂዱ» አለው። አባቴ ገንዘብ ሊሰጠው እጁን ኪሱ ከተተ። «ኧረ ተው ጋሼ፣ መንገድ ነው» ብሎ ካቻቢቴውን ይዞ ሄደ። ሠርጉ ላይ ዘግይተን ደረስን፤ ስንመለስም አባቴ በየመንገዱ እየቆመ በካቻቢቴ እየጠመዘዘ ላዳዋን አዲስ አበባ አስገባት።

አንድ ነገር ያን ጊዜም ገርሞኝ ነበር፣ ዛሬም ይገርመኛል። ሰው የሚፈራው አልይዝ ያለውን ፍሬን ነው። ፍሬን እምቢ አለ ሲባል ሁሉም ያማትባል። አልለቅ ያለ ፍሬን ግን ማንንም አያስደነግጥም፤ እንዲያውም አባቴን ቁልቁለት ላይ አስደስቶታል። ሁለተኛው ግን ወደ መጀመሪያው የሚወስድ መንገድ ነው። ነክሶ የቆየ ሸራ ዲስኩን ያግለዋል፣ ግለቱ በፒስተኑ በኩል ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል፤ ዘይቱ ከፈላ ይተናል። ዘይት አይጨመቅም፣ ትነት ግን ይጨመቃል። የረገጡት ፔዳል ባዶ ሆኖ መሬት ይደርሳል። ዘይቱ ደግሞ አርጅቶ ከሆነ የሚፈላው ቶሎ ነው፤ የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባልና። ዶት 3 የሚባለው ቆርቆሮው እንደተከፈተ መፍያው ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። የኛ ላዳ ውስጥ የነበረው ዘይት ስንት ክረምት እንደጠጣ የአባቴ ደብተር እንኳ አልመዘገበም። ከጣርማ በር እስከ ደብረ ሲና ደግሞ መንገዱ ገደል ለገደል ነው።

መካኒካችን ጋራዣቸው ከተክለ ሃይማኖት ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ የቆርቆሮ በር፣ በዘይት የጠቆረ አፈር፣ ጥግ ላይ አካላቸው ተዘርፎ ያለቀ መኪኖች። በወጣትነታቸው ጣሊያን ጋራዥ የሠሩ፣ ዝምተኛ፣ ሁላችንም ጋሼ ብቻ የምንላቸው ሰው ነበሩ። አባቴ ታሪኩን ከጣርማ በር ጀምሮ ሊተርክላቸው ሲል «ቆይ፣ መኪናዋ ትናገር» ብለው አስቆሙት።

ክሪክ ላይ አነሷት። እኔን መሪው ላይ አስቀምጠው «ማሙሽ፣ ርገጥ። ልቀቅ» አሉኝ። ለቀቅኩ፤ ጎማው አልዞረም። እዚህ ላይ ያደረጉትን ዛሬ ድረስ ለማውቃቸው መካኒኮች ሁሉ እነግራለሁ። ፒስተኑን ከመንካታቸው በፊት የአየር ማስወጫዋን ብሎን ትንሽ ፈቱ። ጥቂት ጠብታ ወጣ። ጎማውን ገፉት፤ አሁንም አልዞረም። «ቱቦው ንጹሕ ነው። በሽታው ፒስተኑ ላይ ነው» አሉ። የላስቲኩ የፍሬን ቱቦ ሲያረጅ ከውስጥ ያብጣል፤ ዘይቱ በግፊት ይሄድና መመለሻ ያጣል። ያኔ ብሎኗ ስትፈታ የታሰረው ግፊት ይወጣና ጎማው ወዲያው ይዞራል። ይህችን ሳይሞክሩ ደህናውን ካሊፐር አውርደው የጣሉ፣ ከወር በኋላ መኪናዋ ያንኑ በሽታ ይዛ የተመለሰችባቸው ጋራዦች አሉ።

ሸራዎቹ ወጡ። የውጪው ግማሹ ገና አለ። የውስጡ፣ ሞተሩ በኩል ያለው፣ ብረቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። የላዳ የፊት ካሊፐር ትይዩ የተቀመጡ ሁለት ሲሊንደሮች አሉት፤ ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚጨምቁ፣ በቀጭን የብረት ቧንቧ የተገናኙ። የያዘው የውስጠኛው ነበር፤ መኪና ሲታጠብ ማንም የማያየው። አቧራና ጭቃ እንዳይገባ አፉ ላይ የሚለበስለት ላስቲክ ተቀድዶ ተንጠልጥሏል።

ፒስተኑን ማውጣት ለብቻው ሥራ ነው። ረዳታቸው፣ ከእኔ ትንሽ የሚበልጥ ልጅ፣ በፒንሳ ሊጎትት ሞከረና ቁጣ ቀመሰ፤ ፒንሳ የነካው ፒስተን ይጫራል። ጋሼ ደህናውን ፒስተን በእንጨት ቁራጭ አግደው «ርገጥ፣ ግን በቀስታ» አሉኝ። ላዳ 2101 የእግርን ጉልበት የሚያግዝ መሣሪያ የላትም፤ በልጅ እግሬ የቻልኩትን ያህል ተጫንኩ። ከታች የሚያቃስት ድምፅ መጣ። ደግሜ ረገጥኩ። በኮምፕሬሰር አየር የማይወጣ ፒስተን በራሱ ዘይት ግፊት ይወጣል፤ አየር ተጠቅመው በተተኮሰ ፒስተን ጣታቸውን ያጡ ሰዎች እንዳሉ የነገሩኝ በኋላ ነው። በመጨረሻ «ጧ» ብሎ ወጣ፤ ተከትሎትም በረካ ቡና የመሰለ ዘይት ቆርቆሮው ላይ ፈሰሰ። ጥቂቱ ተፈናጥሮ የግራው ፓራፋንጎ ላይ አረፈ። ጋሼ በእርጥብ ጨርቅ ለመጥረግ ቢሮጡም ዘግይተው ነበር፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። አባቴ ያቺን ነጥብ እስከ መጨረሻው እያየ ያጉረመርም ነበር።

ጋሼ ፒስተኑን በንጹሕ የፍሬን ዘይት አጠቡና መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ከውስጥ በኩል ያለው ያብለጨልጫል። ላስቲኩ የተቀደደበት በኩል ግን ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት ይዟል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ዘይት እያስነኩ፣ በዙሪያው አሹት። ዝገቱ ለቀቀ፤ ከሥሩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ታዩ። «ማሙሽ፣ ጥፍርህን አምጣ» አሉኝ። የአውራ ጣቴን ጥፍር ይዘው ከላይ ወደ ታች በፒስተኑ ላይ ጎተቱት። ያብለጨለጨው ላይ ያለ ምንም ኮሽታ አለፈ። ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ቅር፣ ቅር አለ። «ያዘህ?» አሉኝ። «ያዘኝ» አልኩ። ፒስተኑን ወደ ጥራጊው በርሜል ወረወሩት። አባቴ ዘለል ብሎ «ምን ነካህ ጋሼ፣ ትንሽ ቢታሽ እኮ ይሆናል» አለ። «ጥፍር የያዘ ነገር ጎሚኒውንም ይይዛል» አሉት፤ ተከራክረው አያውቁም፤ ይኸው ነበር።

ያን ቀን ነው የዲስክ ፍሬን ማን እንደሚመልሰው የሰማሁት። አባቴ ሞላ አለው ብሎ ያምን ነበር። ታምቡር ፍሬን ሞላ አለው፤ የላዳ ካሊፐር ግን ፒስተን የሚመልስ ሞላ የለውም። የሚመልሰው ሲሊንደሩ ውስጥ ቦይ ተቆርጦለት የተቀመጠው የላስቲክ ቀለበት፣ ጎሚኒው ራሱ ነው። ሲረገጥ ፒስተኑ ወደ ዲስኩ ይሄዳል፣ ጎሚኒውም አብሮት ይለመጣል፤ እግር ሲነሳ ጎሚኒው ወደ ተፈጥሮ ቅርጹ ይመለሳል፣ ፒስተኑንም በአንድ ሚሊሜትር ክፋይ ያህል ይዞት ይመለሳል። ከዚያ አይበልጥም። ያችን ታህል ለመመለስ ፒስተኑ ልሙጥ መሆን አለበት። ሳንቲም ለሳንቲም የሚያስተካክለው አባቴ ይህን ሲሰማ ደብተሩን አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈ።

ረዳቱ በዚህ መሃል ሌሎቹን ዕቃዎች ሊያጥብ የቤንዚን ጣሳ አምጥቷል። ጋሼ እጁን ያዙት። ለፍሬን ዘይት የተሠራ ጎሚኒ ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ግራሶ ሲነካው ያብጣል፤ ያበጠ ጎሚኒ ፒስተኑን አንቆ ይይዛል፤ ያው የመጣንበት በሽታ። ሆኖም ሲሊንደሩ ራሱ ከካሊፐሩ አልላቀቅ ባለ ጊዜ መገጣጠሚያውን ናፍጣ አጠጥተው አሳደሩት። ልጁ ግራ ገብቶት አያቸው። «ያ ጎማ ነው፣ ይሄ ብረት ነው» አሉት። በማግስቱ ሲሊንደሩን ቆልፋ የምትይዘውን ትንሽ ፒን በወስፌ ገፍተው፣ በነሐስ ቁራጭ ላይ በመዶሻ እየመቱ አስወጡት።

ከዚያ የዕቃ ጉዳይ መጣ። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳለች፣ ያኔ የላዳ ዕቃ ዛሬ አለ ነገ የለም። አባቴ ሦስት መንገድ ነበረው። ቶርኖ ቤት ወስዶ አዲስ ፒስተን ማስቀረጽ፤ እሱ ርካሹ ነበር። ወይም መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሲሊንደር መፈለግ። ወይም በሩሲያ ፊደል የተጻፈበት ካርቶን ውስጥ ያለውን አዲሱን መግዛት። አባቴ የትኛውን እንደመረጠ መገመት አይከብድም። ጋሼ ግን «ቶርኖ ቤት የሚቀርጽልህ ብረት ነው፤ ፋብሪካው ላዩ ላይ ያለበሰውን ማን ያለብስልሃል? ሁለት ክረምት አይቆይም» አሉት። ሶማሌ ተራ አብረን ሄድን። ሻጩ ያገለገለውን ሲሊንደር በናፍጣ አብሶ «ኦሪጅናል ነው፣ አባቴ ይሙት» ብሎ ማለ። አባቴ ሳይናገር የአውራ ጣቱን ጥፍር አውጥቶ በፒስተኑ ላይ ጎተተው። ሻጩ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት አየው። ሦስት ሱቅ ዞረን አዲሱን ገዛን። ያ የገንዘብ መጠን ደብተሯ ላይ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት ነበር።

ዳግመኛ ክርክር የተነሳው ጋሼ የቀኙንም ጎሚኒዎችና ሸራዎች እንለውጥ ሲሉ ነው። «የቀኙ ምን አደረገ?» አለ አባቴ። «የቀኙም ያው ክረምት ነው የቆመው» አሉት። አንዱ ጎማ ጠንክሮ ሌላው ሰንፎ ቢይዝ መኪናዋ ስትቆም ወደ አንድ ወገን እንደምትጎተት ሲያስረዱት ጣርማ በር ላይ መሪው ሲስበው የነበረው ትዝ አለው መሰለኝ፣ ከፈለ።

የዚያን ዘመን ጠጋኞች በትዝታ ሲወደሱ እሰማለሁ። ልክ ነው፤ ማርሚታ በቆርቆሮ የጠጋገኑ፣ የተቆረጠ ባሌስትራ የበየዱ፣ ከሦስት የሞተ መኪና አንድ ሕያው ያወጡ እጆች ነበሩ። ነገር ግን ከጎማ ውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ የፍሬን ጎሚኒም አይቻለሁ። በሽቦ የታሰረ የፍሬን ቱቦ አይቻለሁ። የፍሬን ዘይት ሲያጡ ሌላ ዘይት የሞሉ ነበሩ። ያንን ጥበብ ማለት አይሆንልኝም። ችግር ያመጣው ነው፤ ችግር የሚያስደርገውን ሁሉ ደግሞ ማሞገስ የለብንም። ጋሼን ከሌሎቹ የለያቸው ነገር እጃቸው ብቻ አይደለም። ምኑን እንደማይጠግኑት ያውቁ ነበር፤ ያንን ፒስተን በርሜል ውስጥ ሲወረውሩት ቅር ያላላቸው ለዚህ ነው።

ዛሬ የምነዳት ቶዮታ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከፊት ጎማዋ ያው ሽታ መውጣት ሲጀምር የወሰድኳት ጋራዥ ልጅ ገና ሳያነሳት «ካሊፐር ሙሉውን ነው የምንቀይረው» አለኝ። አይፈረድበትም፤ ዕቃው በየሱቁ አለ፣ ጊዜው ውድ ነው፣ ሙሉ ካሊፐር መቀየርም ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ሥራ ነው። ግን የእኔዋ ቶዮታ እንደ ላዳ ሁለት ትይዩ ፒስተን የላትም፤ ፒስተኑ አንድ ነው፣ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ እየተንሸራተተ ነው ሌላውን ወገን የሚይዘው። ብዙ ጊዜ የሚደርቁት ፒኖቹ ናቸው። «እስቲ ፒኖቹን አውጣልኝ» አልኩት። አንዱ ወጣ፤ ሌላው በመዶሻ ነው የወጣው፣ ደርቆ ዝጎ። ጸድቶ፣ ለላስቲክ የሚስማማ ግራሶ ተቀብቶ ተመለሰ። ልጁ ራሱ ተገርሞ ሳቀ።

የላዳዋ ሥራ ያለቀው አየር በማስወጣት ነው። ፔዳሉ ላይ አሁንም እኔ ነበርኩ። ቅደም ተከተሉ ከሩቁ ይጀምራል፤ ከኋላ ቀኝ፣ ከዚያ ከኋላ ግራ፣ ከፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ ሾፌሩ በኩል ያለው የፊት ግራ። የላስቲክ ቱቦዋ ጫፍ ንጹሕ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ትጠልቃለች። «ርገጥ። ያዝ። ልቀቅ ሳልልህ እንዳትለቅ!» ይላሉ ከታች። ብሎኗ ስትፈታ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ይሰምጣል፣ ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ይንተከተካል። ያ ቡናማ ዘይት እየነጣ፣ እየነጣ ሄዶ ቢጫ ሆነ። አባቴ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ አረፋውን ይቆጥር ነበር፤ በእውነት ይቆጥር ነበር።

ከጋራዡ ወጣ ብሎ ትንሽ ተዳፋት አለ። ጋሼ ፎሌ ላይ አደረጓትና የእጅ ፍሬኑን ለቀቁት። ላዳዋ ሳትነካ ተንሸራተተች። ኅዳር ላይ አባቴ ይህን ቢሞክር ኖሮ ማደያ መቀየር ባላስፈለገው።

ከዚያ ወዲህ አባቴ አዲስ ልማድ አመጣ። ረጅም ቁልቁለት ከወረደ በኋላ ቆሞ ይወርድና እጁን ወደ ቸርኬዎቹ ጠጋ እያደረገ አራቱንም ይዞራል። የፍሬን ዘይቷን በየሁለት ዓመቱ ያስለውጣል፤ ጎረቤቶች «ይሄ ሰውዬ ዘይት ያጠጣታል እንዴ?» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ላዳዋን የሸጣት ታክሲ ሊያደርጋት ለፈለገ ወጣት ነው። ወጣቱ እንደሌሎቹ ገዢዎች ኮፈን ከፍቶ ሞተር አላዳመጠም። ክሪክ ጠየቀ። ጎማዎቹን ተራ በተራ አንስቶ በእጁ አዞራቸው፣ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ። አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ፊቱ ሲበራ አየሁት። ወጣቱ ከዚያ የግራው ፓራፋንጎ ላይ ያለችውን የተላጠች ነጥብ አገኛትና «ይሄ ምንድን ነው አባባ?» አለ። አባቴ ደብተሩን አወጣ። ከጣርማ በር ጀመረለት፤ ሾፌሩን፣ ቆሎውን፣ ጥፍሩን፣ በሩሲያ ፊደል የተጻፈበትን ካርቶን፣ የዘይቱን ቀናት ሁሉ አነበበለት። እናቴ ቡናውን ሁለት ጊዜ አሞቀችው። ወጣቱ በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ «እንግዲያው ዋጋውን ቀንሱልኝ» አለ። አባቴ ስለ ቀለሙ ጥቂት ቀነሰለት፤ ስለ ፍሬኑ ግን አምስት ሳንቲም አልቀነሰም።